ሽታው ከሥራ ነው

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ለግልገሎቹ መዝገብ ከመጡት ደብተሮች አንዱ ተርፎ ነበር። ጥናቱን የሚመሩትን ዶክተሯን ጠይቄ ወሰድኩት። "ምን ልትጽፍበት ነው?" አሉኝ። "እንጃ፣ እንዲሁ" አልኳቸው። እውነትም አላውቅም። ሰው ሲያናግረኝ መልሱ የሚመጣልኝ በማግስቱ ነው፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ዛሬ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ግልገሎቹ ሃያ አራት ናቸው። ጊኒ ፒግ ይባላሉ፤ ጭራ የላቸውም፣ ጥንቸል ለመሆን አስበው መንገድ ላይ የተዉት ይመስላሉ። ከተወለዱ ስምንት ቀናቸው ነው። እንደ ሌላው ጨቅላ ዓይናቸው ተጨፍኖ አይወለዱም፤ ጸጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይመጡና ወዲያው መሮጥ ይጀምራሉ። አሥራ ሁለቱ ንጹህ አየር ይተነፍሳሉ። አሥራ ሁለቱ ደግሞ በቀን ስድስት ሰዓት ከእናቶቻቸው ጋር የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ማሽኑ ሲጋራ ያነዳል። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ከሚነደው ጫፍ የሚነሳው ጭስ ነው፤ አጫሹ የሚስበው ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠ የሚተርፈው ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት። የእኔ ሥራ ሲጋራውን መሰካት፣ ጭሱን መለካት፣ መመገብ፣ መመዘንና ማጽዳት ነው።

ዶክተሯ ማወቅ የሚፈልጉት ጭሱ በሕፃን እንስሳ የመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ያሉትን ነርቮች ምን እንደሚያደርጋቸው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ አፍንጫዋን ያዘች። "ምንድን ነው እንዲህ የምትሸተው?"

"ከሥራ ነው። ማሽኑ ተጀመረ።"

"እዚያው ልብስህን አትቀይርም?"

እቀይራለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

ምሳ ሰዓት። ዝናብ ነው። ከተጀመረ አላባራም፤ ቤት ውስጥ መስኮት ከተከፈተ ሳምንት አለፈው።

ድንቢጥ ዛሬም ስትስል ነቃች። ድንቢጥ ልጄ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። ይህን የቁልምጫ ስም ያወጡላት አባባ ናቸው፤ ስትወለድ መዳፋቸው ውስጥ ስለገባች። አባባ አባቴ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ ኖረው አሁን ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ብሏል። እኔ እዚህ ስውል ባለቤቴም ስታስተምር ስለምትውል፣ ልጅቷን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

አርባ ዓመት አጭሰዋል። እሷ የተወለደች ቀን ጣሉት። እኔም ለባለቤቴ እንደነገርኳት ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያኔ ድንቢጥ ደረቷን ታማ ስትተኛ ባለቤቴ "ሲጋራው ወይም እኛ፣ ምረጥ" ብላኝ ነበር። ስትናገር አልቀለደችም፤ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር።

ዓርብ፣ አንደኛ ሳምንት

ማሽኑ ሁለቴ ቆመ። አስተካከልኩት። አየር ልቀበል ወደ ግቢው በር ወጣሁ። ዘበኛው ጃንጥላውን አካፈለኝና "እነሱ በማሽን፣ አንተ በእጅ" አለኝ። ሰውየው ቀልደኛ ነው።

ቅዳሜ

ለግልገሎቹ ጭስ የሌለበት ቀን ነው። ሄጄ መግቤ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ትንሽ ቆየሁ። ድንቢጥ ከበሩ ሥር ጣቶቿን አሾልካ "አባዬ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። "ጢሜን እላጫለሁ" አልኳት። መሬት ተኝታ በበሩ ሥር ስታወራኝ ቆየች፤ ስለ አንድ ሦስት እግር ስላለው ውሻ ነው የምትነግረኝ። መስኮቱን በደንብ ከፍቼ ነበር። ስወጣ አገጬን በእጇ ዳሰሰችና "አለ እኮ፣ አልሄደም" አለች። አባባ ከሶፋው ላይ ሆነው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ግልገሎቹን መዘንኩ። ጭስ የሚገቡት ከሌሎቹ በምንም አያንሱም። ጸጉራቸው ያብለጨልጫል፤ ይበላሉ፣ ይዘላሉ። "ዶክተር፣ ምንም አልሆኑም እኮ" አልኳቸው።

ጓንታቸውን እያወለቁ "እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው" አሉኝ። "በዓይን የሚታይ ቢሆን እናት ሁሉ ታየው ነበር። ሳንባቸውን ከፍተህ ብታይ እንኳ ደህና ሊመስልህ ይችላል። እኔ የምጠረጥረው ማንቂያውን ነው። ቱቦው ግድግዳ ላይ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ ክፉ ነገር ሲገባ 'ሳል፣ አውጣው' ብለው የሚያዙ። በጨቅላነታቸው ጭስ ውስጥ ካደጉ ቁጡ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። ለሌላው ምንም ያልሆነ ነገር እነሱን ያስጮኻቸዋል።"

"ያደገ እንስሳስ?"

"ተሠርቶ ያለቀ ቤትና ገና ግድግዳው የሚቆም ቤት አንድ ነው?" አሉኝና ወጡ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ለመዝገቡ አያስፈልግም።

ሐሙስ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ባለቤቴ የሲጋራ ቁራጭ አገኘች። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ዝናብ አርሶት። በሶፍት ይዛ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከአባባ ሻይ አጠገብ አስቀመጠችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርገው ይሻል ነበር።

"ይሄ የማን ነው?"

አባባ ቁራጩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ብዙም አይደለም፤ ዓይን አንዴ እስኪርገበገብ ያህል ነው። ድንቢጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ቆርኪዎቿን ትደረድራለች፤ እየደረደረች ትስላለች።

"የእኔ ነው፣ ልጄ" አሉ አባባ።

"አቁሜያለሁ ብለውን አልነበር እንዴ?"

"ብዬ ነበር። እርጅና ምን ቃል አለው።"

"ለእኔ እኮ አይደለም አባባ። እሷን አይሰሟትም? ቀኑን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ናት።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ምንም አትልም? አባትህ አይደሉም?"

"አባባ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም" አልኩ።

አልኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። አባባ አንገታቸውን ነቀነቁና ሻያቸውን ጨረሱ።

እሳቸው ራሳቸው አመኑ። ሰው በራሱ አፍ ያመነውን ሌላው ገብቶ ምን ሊል ይችላል?

ዓርብ፣ ሁለተኛ ሳምንት

መልስ በማግስቱ ይመጣልኛል ብዬ ነበር። ዛሬ አልመጣም። ግልገሎቹን አስገባሁ፣ አወጣሁ።

እሑድ

ባለቤቴ ከነገ ጀምሮ ልጅቷን ታች ያለችው ልብስ ሰፊ ትይዛታለች ብላለች። አባባ ጠዋት ትንሿን በርጩማ ይዘው ደረጃው ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ የሚያጨሱ ሰው እንዲመስሉ ይሆን? ይህን ሳስበው ተከትዬ ወጣሁ።

"አባባ፣ ብርድ ነው፤ ይግቡ።"

"እዚህ ይሻለኛል። እሷም ስታየኝ አትበሳጭም።" ጉልበታቸውን እያሹ ዝቅ ባለ ድምፅ "ስማኝ" አሉኝ። "እኔ ላይ ቢወድቅ አይከብደኝም። እኔ የማጣው ትዳር የለኝም። አንተ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የምታደርገውን ተው። ለእኔ ብለህ አይደለም።"

"ምን እንደሚሉ አልገባኝም" አልኳቸው።

"ተወው እንግዲያ፣ ካልገባህ" አሉ። ፈገግ ለማለት ሞክረው ነበር።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው ፊታቸው የቆምኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኳቸው እኔም አልገባኝም። የመጀመሪያው ውሸት ተገፍቶ የወጣ ነበር፤ ይሄኛውን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ረቡዕ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ግልገሎቹ የቁልፌን ድምፅ ለምደዋል። ሲሰሙ ያፏጫሉ። ከሳጥኑ ከወጡ በኋላ ካሮት ስለምሰጣቸው፣ ሳጥኑንና ካሮቱን አንድ አድርገው ይዘውታል መሰለኝ፤ ዛሬ የመስታወቱን በር ስከፍተው ሁለቱ ሳልነካቸው በራሳቸው ገቡ። ዶክተሯ ቆመው አዩና ወጡ። እኔ ሲጋራውን ሰካሁ።

ሐሙስ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ልብስ ሰፊዋ ትምህርት ቤት ደወለች፣ ባለቤቴ ለእኔ ደወለች። ስደርስ ድንቢጥ እናቷ ጭን ላይ ናት። ስትተነፍስ የአንገቷ ሥር ጎድጎድ ይላል። ከንፈሯ ጠቁሯል። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ አየር ያስፈልጋል። አሁን ውስጥ ወስደዋታል፤ ጭንብል አድርገውላታል።

በኋላ፣ ያው ሐሙስ

ተነፈሰች። አሁን ተኝታለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት፤ በፕላስቲክ ጭንብል በኩል ጠዋትና ማታ። ከዚያ "ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"አለ" አለች ባለቤቴ። "የባለቤቴ አባት።"

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ሳነብ ነበር። ሥዕል ይነበባል እንዴ?

"እንግዲህ ወይ ሲጋራው ነው የሚወጣው፣ ወይ ሰውየው" አለ ሐኪሙ። "የሷ ቱቦ አሁን በጣም ቁጡ ነው። ትንሽ ነገር ይበቃዋል።"

ቁጡ። ይህንኑ ቃል ነው የተናገረው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለች። "አባትህን እወዳቸዋለሁ። ግን ልጄ ልትሞትብኝ ነው።" አባባ የእኔ እህት ዘንድ ይሂዱ አለች። እሺ አልኳት። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሻንጣው ታወሰኝ። እሺ የሚለው ብቻ ወጣ።

ቅዳሜ

አባባን ሸኘኋቸው። እህቴ ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት ይወስዳል። እታለም ነው የምላት፤ ታላቄ ናት፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እናትም እሷ ናት። ቤቷ ግን ወንዝ ዳር ነው፤ ግድግዳው በክረምት ያልባል።

ባለቤቴ በሩ ላይ ጨበጠቻቸው እንጂ አልሳመቻቸውም። ድንቢጥ "አባባ፣ መቼ ነው የምትመጣው?" አለች። "ሳልሽ ሲሄድ" አሏት። ልጅቷ ወዲያው ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ላለመሳል ታገለች። ፊቷ ቀልቶ፣ ጉንጯ ተነፍቶ። ከዚያ አቃታት።

መናኸሪያው ላይ ቦርሳቸውን እኔ ያዝኩ። "አባባ፣ እነግራታለሁ። ትንሽ ቀን ይስጡኝ" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

"ሳትነግራት በፊት ተወው" አሉኝ። "ሳትተወው ከነገርካት አትሰማህም።" አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ሁለት ጊዜ አረፉ፤ ሁለት ደረጃ ላይ። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር፤ በእጃቸው ጠርገው አዩኝ።

ሲሄዱ አየር ልቀበል ከመናኸሪያው ጀርባ ዞርኩ። ሁለት፣ አንዱን በሌላው ለኩሼ።

ሐሙስ፣ አራተኛ ሳምንት

ከአባባ መሄድ ወዲህ ድንቢጥ ተሻላት። አምስት ጠዋት ሙሉ ሳትስል ነቃች። ባለቤቴ በደስታ ቤቱን ሁሉ አጠበች፤ መጋረጃ፣ ትራስ፣ ግድግዳ ሳይቀር። "አየህ?" ትለኛለች። "አየህ? እኔ እኮ ተናግሬ ነበር።" አየሁ።

መታጠቢያ ቤት አልቆይም በእነዚህ ቀናት። ስለፈራሁ ነው። ፍርሃትም ያስተዋል ለካ። እንዲህ ከቀጠልኩ አባባ በወሩ መጨረሻ ይመለሳሉ፣ ለማንም ምንም መናገር አያስፈልገኝም ብዬ አሰብኩ። ሁሉ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ይስተካከላል።

ማክሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ትናንት ከሥራ ተጨቃጭቄ መጣሁ። መለኪያው ተበላሽቶ ስለነበር የግማሽ ቀን ቁጥር ጠፋብኝ፤ ዶክተሯ ቆጣ አሉ። ባለቤቴ የተማሪ ደብተር ስታርም፣ መስኮቱን ከፍቼ ውሃውን ለቅቄ አንዴ ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ድንቢጥ ሳለች።

በአንድ ጊዜ ሊሆን አይችልም። ብርዱ ይሆናል። ለባለቤቴም "ብርዱ ነው" አልኳት። መጋረጃውን ይዛ አሸተተችው፤ ከዚያ ሸሚዜን። "ከሥራ ነው" አልኩ። "አውቃለሁ፣ ከሥራ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ዓርብ፣ አምስተኛ ሳምንት

የመጨረሻው ጭስ። ማሽኑን አጥፍቼ ሳጥኑን አጠብኩት። መስታወቱ ላይ የቀረው ቢጫ በሦስት ውሃም አልለቀቀም። ድንቢጥ በቀን ሦስቴ መድኃኒቱን ትስባለች አሁን።

ሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

የሳል ፈተና። እያንዳንዱን ግልገል ለብቻው ትንሽ ሳጥን ውስጥ እናስገባና የሎሚ አሲድ ያለበት ስስ ጉም እንለቅበታለን። አይጎዳቸውም፤ ጉሮሮ የሚከረክር ነገር ነው። ሥራዬ ጆሮዬን አቅንቶ መቁጠር ነው። የጊኒ ፒግ ሳል እንደ ትንሽ ልጅ ነው፤ አንገቱን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሰውነቱ በሙሉ ይስላል።

ዛሬ ከየቡድኑ አምስት አምስት ደረሱ። ንጹህ አየር የኖሩት፦ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፣ አራት፣ አንዱ ምንም። ጭስ የኖሩት፦ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሁለት። በራሳቸው ወደ ሳጥኑ ከገቡት ከሁለቱ አንዱ አሥራ ሰባት። የሰጠነው ጉም ለሁሉም አንድ ነው። ክብደታቸው አንድ ነው፣ ዓይናቸው አንድ ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን አይተው ተቀመጡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ የጠረጠሩት ነው የሆነው። ግን ግንባራቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ቤት ስገባ ድንቢጥ እየተጫወተች ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ በር ላይ ቆሜ፣ ራት እስኪቀርብ ድረስ፣ አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

እታለም ደወለች። አባባ ታመዋል፤ ሳንባ ምች ነው ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ልባቸውም ደክሟል።

"ና፣ ይጠይቁሃል" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሆዴ። ሲጋራ አስቸገሩን ብላችሁ ነው የላካችኋቸው አይደል? እኔ እኮ ከመጡ ጀምሮ አንድ ቀን ሲያጨሱ አላየሁም። ስጠይቃቸውም ዝም ይሉኛል። ምንድን ነው ነገሩ?"

"በኋላ እነግርሻለሁ" አልኳት።

"መቼ ነው በኋላ?"

ዓርብ እመጣለሁ አልኳት። ነርቮቹን የምንለካበት ሥራ ሐሙስ ያልቃል፤ ከእኔ ሌላ መለኪያውን የሚያውቀው የለም። እውነት ነው፣ የለም። ግን ዶክተሯን ብጠይቅ አይከለክሉኝም ነበር። አልጠየቅኩም። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ምን ብዬ አያቸዋለሁ የሚለውን ነው የፈራሁት።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ግልገሉን እናደነዝዘዋለን፤ ከዚያ በኋላ አይነቃም። ዶክተሯ በማጉያ መነጽር እያዩ ከነርቮቹ አንዷን ከጸጉር በቀጠነ ሽቦ ይነኳታል። ነርቯ በተናገረች ቁጥር ድምፅ ማጉያው ጠቅ ይላል። ንጹህ አየር የኖረው ነርቭ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ። ጭስ የኖረው፣ ገና ምንም ሳንሰጠው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው።

"ማንም አልነካትም እኮ" አልኩ።

"አልነካናትም" አሉ ዶክተሯ።

ሐሙስ፣ ስድስተኛ ሳምንት

አባባ አረፉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። አልደረስኩም።

ማክሰኞ

ቀበርናቸው፤ ሦስት ቀን ሆነ። እዚህ እታለም ቤት ነን፣ ባለቤቴም ድንቢጥም። የትናንቱን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ መልክ እሰጠዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ክፍሉን ሞልተውት ነበር። አንዲት ጎረቤት፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ "ሲጋራ እኮ ነው፤ ሰውን ቀስ ብሎ ነው የሚጨርሰው" አለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እታለም እኔን አየችኝ። ባለቤቴ ከጥጉ ሆና፣ ድንቢጥን እንዳቀፈች፣ ማልቀስ ጀመረች።

"እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው" አለች። "በዚህ ብርድ። በእኔ ምክንያት ነው። ለልጄ ብዬ ነው፣ ግን በደህና እንኳ አልሸኘኋቸውም። ጉንጫቸውን አልሳምኩም።"

ሰዎቹ "አይዞሽ፣ እናት ነሽ፣ ምን ታደርጊ" አሏት። አንዷ "እሳቸውም ቢያቆሙ ምን ነበረበት" አለች።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ራሴን ቆሜ ነው ያገኘሁት። "አባባ አላጨሱም" አልኩ። "እሷ ከተወለደች ጀምሮ አንድም አላጨሱም። መታጠቢያ ቤት የማጨሰው እኔ ነኝ። እሳቸው የእኔን ጥፋት ነው የወሰዱት። ያገኘሽው ቁራጭ የእኔ ነበር።"

አንድ ሰው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ባለቤቴ ማልቀሷን አቆመች። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ አልሰደበችኝም። ዓይኖቿን ከእኔ ሳትነቅል ድንቢጥን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረቻት፣ ከእኔ ወደራቀው።

እታለም ደጅ ተከትላኝ ወጣች። "ማክሰኞ ዕለት ብትነግረኝ" አለች፣ "ለእሳቸው እነግራቸው ነበር። 'ተናገረ' እላቸው ነበር። በሩን እያዩ ነው የሞቱት።" ከዚያ ጀርባዬን ዳበሰችኝ። ባትዳብሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

አውቶቡስ ውስጥ ባለቤቴ ከልጅቷ ጋር ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ኋላ። ስንወርድ፣ ቦርሳውን ስቀበላት፣ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

"አላውቅም ነበር ማለት አልችልም" አለች። "ሸሚዝህን ያሸተትኩ ቀን ማወቅ እችል ነበር። ማወቅ አልፈለግኩም። እሳቸው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ይህን ይዤ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አንተን ግን አሁን ላይህ አልችልም።"

እናቷ ቤት ሄዱ።

ሰኞ

ሥራ ገባሁ። የእንስሳቱ ክፍል ባዶ ነው። ቁልፌን ሳዞር የሚያፏጭ የለም።

ዶክተሯ ቁጥሮቹን ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው። "ዶክተር፣ ጭሱ ቢቆም ነርቮቹ ይመለሳሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አላውቅም" አሉ። "እሱን አልለካንም። ሌላ ጥናት ነው የሚሆነው።" ከዚያ ቀና ብለው "ለምን ጠየቅከኝ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ አባባንም። ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። አላጽናኑኝም፣ አልገሠጹኝም። "ሕፃን እያደገ ነው" ነው ያሉኝ በመጨረሻ። "ቱቦው ያድጋል፣ ሰውነቱ ይጠግናል። ምን ያህል እንደሚጠግን አላውቅም። አንተ ደግሞ ነገ ተነስተህ የሷን ነርቭ ማስተካከል አትችልም። የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ታውቀዋለህ።"

ዘበኛው በር ላይ ሲጋራውን ዘረጋልኝ። ይቅርብኝ አልኩት። እንደ ወትሮው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ፣ ፊቴን አይቶ ተወው።

እሑድ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

ሳላጨስ ሠላሳ ስምንት ቀን። ከዚያ በፊት ሁለቴ ወድቄ ነበር፤ ሁለቴም ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት። ሁለተኛውን ጊዜ ስልኩን አልዘጋችውም።

ክረምቱ ወጥቷል። ዛሬ ባለቤቴ አማቴ ቤት እንድመጣ ፈቀደችልኝ፣ ለአንድ ሰዓት። በር ላይ ንጹህ ሸሚዝ ይዛ ጠበቀችኝ። "ይሄን ለብሰህ ግባ" አለች፤ ደጅ ላይ ቀየርኩ። የለበስኩት የታጠበ ነበር፤ ግን አልተከራከርኩም።

ድንቢጥ ከጓሮ ስትሮጥ መጣች። ትንሽ ረዝማለች። ጉልበቴን አቅፋ "አባባ የሚመጣው መቼ ነው?" አለችኝ። ነግረዋታል፤ ግን እያንዳንዱን ሰው እየዞረች ትጠይቃለች አሉኝ፣ ሌላ መልስ ካለ ብላ። ጎንበስ ብዬ ዓይኗን አየሁ። "አባባ አይመጡም" አልኳት። "የሄዱት ባንቺ ሳል አይደለም። በእኔ ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም።" አልገባትም መሰለኝ። "እሺ" አለችና እጄን ይዛ ጓሮውን ልታሳየኝ ጎተተችኝ።

ሮጥን። አጥሩ ድረስ ሄደን ተመለስን፤ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ቆመችና አንዴ ሳለች።

ባለቤቴ ልብስ ከምታሰጣበት ቀና አለች። እኔም ባለሁበት ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከዚያ ሁለታችንም ልጅቷን አየን። እርጥቡ አንሶላ ከእጇ እየተንጠባጠበ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ ሁለተኛውን ጠበቅን።